በ14 ዶላር የተገዛ ብርሌ

አክስቴ ካራፉን ከጠረጴዛው አነሱና ውታፉን ነቅለው አስያዙኝ። አንገቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው በሌላው እጃቸው ጥፍር ሆዱን ቆርቆር አደረጉትና ዝም አሉ። ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ይተራመሳል፤ መሳቢያ ይከፈታል፣ ወንበር ይጎተታል። ድምፁ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ተለይቶ እንደ ቃጭል ጥርት ብሎ ወጣ። ሲጠፋም ቀስ ብሎ ነው የጠፋው።

«ይኼን ብርሌ እንወስደዋለን» አሉኝ።

«ብርሌ እኮ አይደለም እትዬ፤ ካራፍ ነው የሚባለው።»

«የፈለገውን ይባል። ክሪስታል ነው።»

«በምን አወቁ?»

«ጆሮ የለሽም እንዴ ልጄ?»

ሥፍራው ከዳላስ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከኋይት ሮክ ሐይቅ ብዙም የማይርቀው የሌክዉድ ሰፈር ነው። ዓርብ ጠዋት ነበር። እዚህ ከተማ ዓርብ በመጣ ቁጥር «ኢስቴት ሴል» የሚሉት ሽያጭ አይጠፋም። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ ዕቃው በየክፍሉ እንደተቀመጠ ዋጋ ይለጠፍበትና የቤቱ በር ለሕዝብ ይከፈታል። አክስቴ የልጃቸው ሠርግ አንድ ወር ቀርቶት ነበርና ለመልሱ ዕለት የወላጆችን ገበታ የሚያስከብር የጠጅ መቅጃ ፍለጋ ላይ ናቸው። ጠጁ በፕላስቲክ ጆግ ሲቀርብ ማየት አንጀታቸውን ያቃጥለዋል። ካራፉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 14 ዶላር ይላል።

ይህን ያህል ክሪስታል በዚህ ዋጋ የሚገኝበት ምክንያት አለ። ዳላስ ለገበታ ዕቃ ሲስገበገብ የኖረ ከተማ ነው። ኸርበርት ማርከስ፣ እህቱ ኬሪና ባሏ አል ኒማን በ1907 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የከፈቱት ኒማን ማርከስ፣ ከ1914 ጀምሮ በሜይንና በኧርቬይ ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ለነዳጅና ለጥጥ ከበርቴዎች የአውሮፓን ምርጥ ዕቃ ሲያቀርብ ኖሯል። በ1957 ደግሞ በየዓመቱ የአንድን አገር ዕቃ ለሁለት ሳምንት የሚያሳይ ዝግጅት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ፈረንሳይ ነበረች። በ1952 የከተማዋ ወይዛዝርት ለሕፃናት ርዳታ ያቋቋሙት የዓመት ግብዣ እንኳ ስሙ ውስጥ «ክሪስታል» አለበት። የዚያ ትውልድ ሙሽሮች ክሪስታሉን በስጦታ ተቀበሉ፣ በቡፌ ቆልፈው አኖሩት፣ አረጁ። የልጅ ልጆቻቸው በዕቃ ማጠቢያ ማሽን የማይታጠብ ነገር አይፈልጉም። እናም አሁን በየሳምንቱ ይሸጣል።

የአክስቴ ጆሮ ያለው እውነት መሆን አለመሆኑን ሳላጣራ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ከዳላስ አጠገብ ካለችው ጋርላንድ ቤት ገብተን ቡና እስኪፈላ ካራፉን መስኮቱ ዳር አስቀምጬ እመረምረው ጀመር። በመጀመሪያ የፈለግሁት ስፌት ነው። ርካሹ ጌጠኛ ብርጭቆ የሚሠራው የቀለጠውን ብርጭቆ በብረት ቅርጽ ውስጥ በመጭመቅ ስለሆነ፣ ቅርጹ የገጠመበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። የዚህኛው ጎኑ ላይ መስመር የለም። ቀጥሎ ጣቴን በጌጡ ላይ አሄድኩ። በቅርጽ የተጨመቀ ጌጥ ጠርዙ እንደተመጠጠ ከረሜላ ይለሰልሳል፤ የዚህ ጠርዝ ግን ጣት ይይዛል። እያንዳንዱ ቦይ ዘልቆ የገባ፣ መሐሉ ላይ ሹል ሆኖ የተገናኘ ነው። ሰው በእጁ ይዞ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ሞርዶታል ማለት ነው።

ሚዛኑ ግን የበለጠ ይናገራል። ቡና የምመዝንበት፣ እስከ ግራም አንድ አሥረኛ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን አለኝ። ውታፉ ድፍን ስለሆነ ለመመዘን ምቹ ነበር፤ 118 ግራም ሆነ። ከዚያ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩ፤ ውታፉን በስፌት ክር አስሬ ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። 38.3 አለ። ይህ ውታፉ የገፋው ውኃ ክብደት ነው፤ አንድ ግራም ውኃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቦታ ስለሚይዝ ቁጥሩ የውታፉም ይዘት ነው። 118 ለ38.3 ሲካፈል 3.08 ይሆናል። ለማነጻጸር የወንድሜን ልጅ ትልቁን ብይ ተዋስኩ። 20.4 ግራም ይመዝናል፣ የገፋው ውኃ 8.2። ሲካፈል 2.49።

አክስቴ ስኒውን እያቀረቡ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ታጠምቂዋለሽ እንዴ?» አሉኝ። ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። ብይና ውታፍ፣ ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ብርጭቆ ናቸው፤ እኩል ቦታ ሲይዙ ግን ውታፉ ከብዩ ሩብ ያህል ይከብዳል። የአውሮፓ አገሮች በ1969 ባወጡት ደንብ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ውስጡ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ፣ ለላቀው ደረጃ ደግሞ 30 በመቶ ያስፈልጋል። የላቀው ደረጃ እፍጋቱ ከ3.00 ማነስ የለበትም። የእኛ ውታፍ ይህን አልፏል። አክስቴ በጥፍራቸው ያወቁትን እኔ በክርና በውኃ ደረስኩበት፤ የቆረቆሩት ብርጭቆ ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው።

እርሳስ! ጥይት የሚሠራበት፣ የባትሪው እርሳስ እንዲህ ጥርት ባለ ነገር ውስጥ ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ብዙ ምሽት ወሰደብኝ፤ መልሱም ያለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ነው።

ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት ነጋዴ ነበር። ቬኒስ ኖሯል፣ የቬኒስን ብርጭቆም አስመጥቶ ሸጧል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሙራኖ ደሴቱ አንጄሎ ባሮቪየር ቀለም የሌለውን ጥሩ ብርጭቆ ሠርቶ «ክሪስታሎ» ብሎት ነበር፤ የተራራ ድንጋይ የሆነውን እውነተኛውን ክሪስታል ስለሚመስል። ብርጭቆ ግን በሥርዓት የተደረደረ ክሪስታል አይደለም። ስሙ በውሰት የመጣ ነው። የቬኒሱ ዕቃ ስስና ተሰባሪ፣ መንገዱም ረጅም በመሆኑ የለንደን ብርጭቆ ሻጮች ማኅበር እዚያው የሚሠራ ፈለገ። ሬቨንስክሮፍት በ1673 ሳቮይ በሚባለው ሰፈር ምድጃ ተከለ፤ በ1674 የሰባት ዓመት የንጉሥ ፈቃድ አገኘ፤ ከዚያም በቴምዝ ወንዝ ዳር በሄንሊ ሁለተኛ ምድጃ ከፈተ። አሸዋውን በተፈጨ ነጭ ባልጩት ተካው፤ ማቅለጫውን ጨውም አጥርቶ አጠራው።

ብርጭቆዎቹ ከምድጃ ሲወጡ ያምሩ ነበር። ከወራት በኋላ ግን መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ ገጻቸው እርጥብ ሆነ፤ ቀጥሎ ደበዘዘ፤ በመጨረሻ እንደ ሸረሪት ድር የሚደራረብ ስንጥቅ ውስጣቸውን ሞላው። ማንም ሳይነካቸው፣ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጡ። አገራችን «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ትላለች፤ የሬቨንስክሮፍት ብርጭቆ ራሱን በራሱ የሚያነቃ ብርጭቆ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከጥራት ፍለጋው ነው። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1,700 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ይፈልጋል፤ ያን ሙቀት የሚያወርደው ከአመድ የሚገኘው ጨው ነው። ጨው ግን ውኃ ይወዳል፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር ለመገናኘት ከብርጭቆው ይወጣል። አላወጣም ብሎ ይዞ የሚያቆየው ኖራ ነው። የድሮ ሠራተኞች ኖራ እንደሚጨምሩ ሳያውቁ ከቆሻሻው ጋር ይጨምሩት ነበር። ሁሉንም ነገር አጥርተው ሲያጠሩ ኖራው አብሮ ሄደ፣ ጨዉም ያዥ አጣ።

መድኃኒቱ እርሳስ ሆነ። የእርሳስ ኦክሳይድ ራሱ አሸዋን ስለሚያቀልጥ የጨዉን ድርሻ መቀነስ ተቻለ፤ ከብርጭቆው ጋርም ተዋህዶ ይቀራል። በ1676 የብርጭቆ ሻጮች ማኅበር ሕመሙ መዳኑን መሰከረ። ሬቨንስክሮፍትም ስሙ ውስጥ «ቁራ» አለና በዳኑት ዕቃዎች ላይ የቁራ ራስ ማኅተም እንዲያሳርፍ ተፈቀደለት። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እርሳስ ያለበት ብርጭቆ አሠራር አንቶኒዮ ኔሪ የተባለ የፍሎረንስ ቄስ በ1612 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ መጽሐፉም በ1662 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ብርጭቆዎቹ ሲሰነጣጠቁ መድኃኒታቸው ለንደን ውስጥ ታትሞ ከተቀመጠ አሥር ዓመት አልፎት ነበር።

ስንጥቁን ለማዳን የገባው እርሳስ ማንም ያልጠየቀውን ሌላ ጸጋ ይዞ መጣ። ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ከተራ ብርጭቆ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም ቀለሞቹ ይበተናሉ። ሲመቱት ድምፁ ቶሎ አይዋጥም። ከሁሉም በላይ ይለሰልሳል፤ መሞረጃው ሳይሰነጥቀው ጠልቆ ይገባበታል። ሠራተኛው መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ በሚፈስበት የብረት ጎማ ቦዩን ያወጣል፣ ቀጥሎ ውኃ በሚንጠባጠብበት የድንጋይ ጎማ ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻ በእንጨት ጎማና በደቃቅ ዱቄት ያበራዋል። ኋላ ላይ የማብራቱን ሥራ የአሲድ ገንዳ ወሰደው። ሠራተኛው ብርጭቆውን ከጎማው በላይ አድርጎ ስለሚጫነው የሚቆርጠውን ቦታ የሚያየው በብርጭቆው ውስጥ አሻግሮ ነው። ሥዕሉ አይሳልለትም፤ ጥቂት የልክ መስመሮች ብቻ ይሰመሩለታል። ጥልቀቱን የሚነግረው እጁ ነው። ትንሽ ከበዛ ያበቃል፣ ተጠግኖ የሚመለስ የለም።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ካራፉን ገልብጬ በስልኬ መብራት ከጎን አበራሁበት። ከሥሩ ጠርዝ አጠገብ፣ በአሲድ የተጻፈ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቃል ታየኝ፤ መብራቱን ትንሽ ሳዞረው ይጠፋል። «ዋተርፎርድ» ይላል፣ በአሮጌ የፊደል አጣጣል።

ዋተርፎርድ አየርላንድ ውስጥ ያለ የወደብ ከተማ ነው። የእንግሊዝ ጥበብ ወደዚያ የሄደው በቀረጥ ምክንያት ነው። በ1745 እንግሊዝ ብርጭቆን በክብደቱ ልክ ማስቀረጥ ጀመረች፤ ክሪስታል ደግሞ ጌጡ ሁሉ በክብደቱ ነው። ቀጭን ክሪስታል ላይ ጥልቅ ቦይ አይወጣም። አየርላንድ ግን ቀረጡ አልደረሰባትም፤ በ1780 ብርጭቆዋን ወደ ውጭ የመላክ ነፃነት አገኘች። በ1783 ጆርጅና ዊልያም ፔንሮዝ ዋተርፎርድ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ፣ ከእንግሊዝም ጆን ሂል የተባለ ባለሙያ ሠራተኞቹን ይዞ መጣላቸው። በ1825 ቀረጡ አየርላንድንም ያዘ። በ1851 ፋብሪካው ተዘጋ።

ያስነሱት ስደተኞች ናቸው፤ ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። ቻርልስ ባቺክ የቼኮዝሎቫኪያ የብርጭቆ ባለፋብሪካ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩን ጥሎ ወጣና በ1947 ዋተርፎርድ ላይ ሥራ ጀመረ። ሚሮስላቭ ሃቬል የሚባል ወጣት የአገሩን ልጅም አስመጣ። ሃቬል ደብሊን ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ የጥንቱን የዋተርፎርድ ዕቃ እያየ ነደፈ። ከመቶ ዓመት በፊት የተቋረጠውን እጅ ከመስታወት ሳጥን ውስጥ ለቅሞ አወጣው። በ1952 ከዚያው አካባቢ ካለ ግንብ ስሙን ወስዶ «ሊስሞር» የተባለውን ንድፍ ሠራ፤ ከላይ ቁልቁል የወረዱ ቦዮች፣ ከሥራቸው እርስ በርስ የተቋረጡ የአልማዝ ዓይኖች። እየነካሁት የነበረው ያንኑ ነው። ቼክ በአየርላንድ የነደፈውን፣ አሜሪካዊቷ ሙሽራ ዳላስ ውስጥ ያኖረችውን፣ አክስቴ ለጠጅ ገዙት።

ለጠጅ። ይህ ቃል ላይ ስደርስ ነው የደነገጥኩት።

አክስቴ ያቀዱትን አውቃለሁ። ጠጁን ሐሙስ አጥልለው ካራፉን ሞልተው፣ ቡፌው ላይ አስቀምጠው፣ እሑድ ለመልሱ ማቅረብ ነው። ጠጅ ይኮመጥጣል፣ አልኮልም አለው፤ ሁለቱም እርሳስን ከብርጭቆ የሚስቡ ናቸው። በ1991 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆሴፍ ግራዚያኖና ኮንራድ ብሉም «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡትን አነበብኩ። ወደ ክሪስታል ካራፍ ሲገባ በሊትር 89 ማይክሮግራም እርሳስ የነበረው ፖርት ወይን፣ አራት ወር ከቆየ በኋላ በአንዱ ካራፍ 5,331 ደርሶ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በላይ በክሪስታል የቆየ ብራንዲ ደግሞ ከ21,000 አልፎ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት የቧንቧ ውኃ ላይ እርምጃ ይወሰድ ብሎ ያስቀመጠው ልክ 15 ነበር። እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃንን አእምሮና በማህፀን ያለውን ነው። የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ የመከረውም ይህንኑ ነው፤ በክሪስታል መጠጥ አታቆዩ፣ ነፍሰ ጡር በየዕለቱ አትጠጣበት፣ ሕፃን በፍጹም።

ሄጄ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«እናቴ ኮኛኩን ከዓመት ዓመት ቡፌ ውስጥ በክሪስታል ታስቀምጠው ነበር» አሉኝ። «ለትልቅ እንግዳ ብቻ ነው የምትቀዳው።»

ምን እንደምላቸው አላወቅሁም። የተከበረው እንግዳ ከሁሉ የቆየውን ይጠጣ ነበር። ማንም አላወቀም። ዛሬ እርሳስ የሌለበት ክሪስታል የሚሠሩ አሉ፣ ከ1857 ጀምሮ ያለው የቼኩ ሞዘርም የሚታወቀው እርሳስ በሌለበት ክሪስታሉ ነው። አክስቴ ግን ሌላ ካራፍ አልፈለጉም።

«ለመጠጣት ከሚወስደው ጊዜ በላይ ካላቆየነውስ?»

ለአንድ ምሽት፣ ለአዋቂ ሰው፣ ቀድቶ ወዲያው መጠጣት ለብዙ ወራት ከማቆየት ጋር የሚወዳደር አይደለም አልኳቸው። አሰቡበትና ደነገጉ፤ ጠጁ በጠርሙሱ ይቆያል፣ ካራፉ ውስጥ የሚገባው እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ነው፣ የተረፈው አያድርበትም። ነፍሰ ጡሯ የወንድሜ ሚስት ብርዟን በተራ ብርጭቆ ትጠጣለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ሌላ ነገር ገጠመኝ፤ ብርጭቆም ሚዛንም ፍለጋ ላይ አልነበርኩም። የዮሐንስን ራእይ እያነበብኩ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ከዙፋኑ የሚወጣው የሕይወት ውኃ ወንዝ በአማርኛው የተመሰለው በብርሌ ነው። ግሪኩን ፈልጌ አየሁት፤ «ክሪስታሎስ» ይላል። በአራተኛው ምዕራፍ ያለው የብርጭቆ ባሕርም እንዲሁ፤ ግሪኩ ክሪስታል ያለውን አማርኛው ብርሌ ብሎታል። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ የከተማይቱ ስምንተኛ መሠረት ቢረሌ የተባለው የከበረ ድንጋይ ነው፤ ከግሪኩ «ቢሪሎስ» ወደ ግእዝ የገባ ቃል። ብርሌያችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቬኒስ ብርጭቆዋን በአንድ ጥርት ያለ ድንጋይ ስም ጠራች፤ የእኛ ሰዎች በሌላው ጠሩ። አዱሊስ ወደብ ላይ ብርጭቆ ከግብፅ ይራገፍ እንደነበር በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ይመሰክራል፤ ነገሩም ስሙም ለእኛ አዲስ አልነበረም። ሌክዉድ ላይ አክስቴን ያረምኩት እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።

የመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ ተቀምጠው እልልታው ጋብ ሲል አክስቴ ራሳቸው ከጠርሙሱ ወደ ካራፉ ቀዱ። የምዕራቡ መስኮት ክፍት ነበር። የቴክሳስ ፀሐይ ስትገባ በቦዮቹ መካከል ወርቃማው ጠጅ ነደደ፤ በሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጠብታዎች ተረጩ። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ ልትለቅማቸው ሞከረች። የሙሽራው አባት ብርጭቆአቸውን ሳያነሱ ካራፉን ትንሽ ተመለከቱት።

ሌሊት ሁሉም ሲሄድ ወጥ ቤት ቆምን። የተረፈው ጠጅ ተደፋ። አክስቴ ለብ ባለ ውኃ ካራፉን በእጃቸው አጠቡት፣ አፉን ቁልቁል ደፍተው አንጠፈጠፉት፣ ከዚያ እንዳደርቀው ከነጭ ጨርቅ ጋር አቀበሉኝ።

«ቀስ ብለሽ» አሉኝ፤ «ብርሌ ነው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ፤ ብርሌውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።